የቀይ ስር ደም

ማክሰኞ

«ፊልም ነው» አልኳቸው።

በሩ ላይ የቆሙት የእድራችን ዳኛ አቶ በቀለ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ጎረቤቴ አደ ዘሀራ ናቸው። ገና አልነጋም። ሰው በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም በሰው በር ላይ እንዲሁ ቆሜያለሁ። ግን አላመንኩም።

ምክንያት ነበረኝ። ባለፈው ሳምንት ዘሀራ ስልኳን ይዛ እያለቀሰች መጥታ ነበር። ልጄ ሚኪያስ ጫካ ውስጥ በደም ተነክሮ ወድቆ የሚያሳይ ፎቶ ደርሷት ነው። እየሳቅሁ ድስቱን አሳየኋት። ከጓደኞቹ ጋር ለሚሠራው ፊልም ደሙን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ቀይ ስር፣ ትንሽ ዱቄት፣ እንዲያብረቀርቅ ደግሞ ስኳር። «ያ ረቢ፣ እናንተ ሰዎች ሳልታመም ልትገድሉኝ ነው» ብላ በሻርፗ መታችኝ።

ስለዚህ ዛሬም ፊልም ነው አልኩ። ዘሀራ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ፊልሙ አይደለም እቴ» አሉ አቶ በቀለ። «መንገድ ላይ ነው።»

ከአጋሮ የካሜራ ባትሪ ቻርጅ አስደርጎ ጫካ ወዳሉት ጓደኞቹ በሞተር ሲመለስ ነው። ዝናብ ነበር። ተንሸራተተ።

ጫማዬን መቀየር አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ቀበርነው።

ረቡዕ

ድንኳኑ ሙሉ ነው። ሴቶቹ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል። እኔን ትተው እርስ በርሳቸው ደግሞ «ደርቃ ቀረች» ይላሉ። እሰማለሁ።

ፊቴን ታጠብኩ። ሰው ሲነሣ አብሬ ተነሣሁ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። የሚኪን ሱሪ ከገመድ ላይ አወረድኩ። አልደረቀም። መልሼ ሰቀልኩት።

ሐሙስ

ከቦሳ ሰፈር ለለቅሶ አሁን የመጣች ሴት አጠገቧ ላለችው ስልኳን ታሳያለች። አየሁት። ያ ፎቶ ነው። አደጋው ላይ የተነሣ ነው እየተባለ ሰው ይቀባበለዋል። «እንዴት አድርጎ ነው የጎዳው» ትላለች።

«ቀይ ስር ነው» አልኳት።

ትከሻዬን ያዘችኝ። «አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። አእምሮዬ የተነካ መስሏታል።

ዘሀራ ተነሥታ ወደ ሴትየዋ ሄደች። «ደሙ ከዚህች ሴት ድስት የወጣ ነው። አጥፊው። አሁን፣ እያየሁሽ።»

ሴትየዋ አጠፋችው። ከጀርባዬ አንዲት አሮጊት «ሞትን በጨዋታ ጠራው» አሉ። ጠርቶት ከሆነ ደሙን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከዚህ ሐሳብ አልወጣሁም።

ዓርብ

ድንኳኑን አፈረሱ። ፉአድ መጣ። የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነው፣ ከሚኪ ጋር ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ። ፊልሙ የእሱ ነው። አራት መንገደኞች መኪናቸው ጫካ ውስጥ ይበላሽና የማይታይ ነገር ይከተላቸዋል። እያደነ አንድ በአንድ ይገድላቸዋል። መጀመሪያ የሚሞተው ሚኪ ነው። ለምን አንተ ቀደምክ ስለው «ቶሎ ልሙትና ካሜራ ልያዝ ብዬ ነው እማዬ» ብሎኝ ነበር።

ፉአድ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ በሩ ላይ ቆመ።

«እማ፣ ፎቶውን ማን እንዳወጣው ወላሂ አላውቅም። ፊልሙን አጥፋ ካሉኝ እዚሁ ፊትዎ አጠፋዋለሁ።»

«ሌሎቹ ምን ይላሉ?»

«የእርስዎን ቃል እየጠበቁ ነው።»

አጥፋው ልለው ነበር። ግን ከፊልሙ ሌላ የሚንቀሳቀስ ሚኪ የለኝም። ያለኝ የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ነው።

«እዚያ ውስጥ ያለው መሞቱ ብቻ ነው?» አልኩት።

«ልፈልግ» አለና ሄደ።

ቅዳሜ

የእንጨት ማንኪያውን ፈተግኩት። ቀይ ስሩ አልለቀቀም። አላለቀስኩም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፉአድና ዘሀራ ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አደረግነው።

ጫካው ጨለማ ነው፣ ከዛፎቹ ሥር ቡና በቅሏል። አራቱ ይሄዳሉ፣ ከኋላቸው ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ዞር በል፣ ዞር በል እላለሁ በሆዴ። ሚኪ ዞር አይልም። ከዚያ ወደቀ። ዘሀራ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፣ በጣቶቿ መሃል ግን ታያለች። እኔ ደሙን አየሁ። ቀለሙ ጥሩ ወጥቷል። ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

«አሁን ደግሞ ቆርጠን የጣልነው» አለ ፉአድ።

ያው ቦታ ነው። ሚኪ ወድቋል። የፉአድ ድምፅ «አትተንፍስ» ይላል። ሚኪ አይተነፍስም። ቆየ። ከዚያ ጉንጩ ተንቀጠቀጠ። አንገቱ። ድንገት ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ጉንዳን! እማዬ ስኳሩን አበዛችው። ሳልሞት ጨረሱኝ አቦ!»

ሸሚዙን አውልቆ እያራገፈ ይዘላል። ሁሉም ይስቃሉ። እሱም ይስቃል።

«ድገመው» አልኩት። ደገመው። ዘሀራ ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች። «ድገመው።» በሦስተኛው ላይ ማየት አልቻልኩም። ዘሀራ ሻርፗን ሰጠችኝ። ተሸፋፍኜ አለቀስኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ሰኞ

ለፉአድ ቃሌን ሰጠሁት። ይታይ። ሚኪ በቦታው ይሙት፣ ፊልሙ የሚለው እንደዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ግን፣ የሠሩት ሰዎች ስም ካለፈ በኋላ፣ ይነሣ።

«አስፈሪ ፊልም እኮ ነው እማ። ሰው ይስቃል።»

«ይሳቅ።»

እሱ ከተነሣ በኋላ ፊልሙ ላይ የሚጻፍ ነገር እንድሰጠው ጠየቀኝ። ከጠዋት ጀምሬ ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። ለዘሀራ አነበብኩላት። «ማሎ፣ እባክሽ ዱዓም ጨምሪበት፣ እኛስ?» አለችኝ። ጨመርኩ። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እንዲህ ነው፦

«ይህን ፊልም ያያችሁ ሁሉ። ደሙ ቀይ ስር ነው፣ ያፈላሁት እናቱ ነኝ። ልጄ ሚኪያስ የሞተው በዚህ አይደለም፣ ግን ሞቷል። ክርስቲያኖች ጸልዩለት፣ ሙስሊሞች ዱዓ አድርጉለት። ከመነሣታችሁ በፊት፣ እዚያው በተቀመጣችሁበት።»