የአዲና ሰማያዊ ኩባያ

ለውድ እኅቴ ለእንጉዳይ፦

እታለም፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ጋሼ ክንዴንስ ሳሉ ለቀቃቸው? ከነቤተሰብሽ ደኅና ናችሁ ወይ? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም።

ይህችን ደብዳቤ በፈረደ እጅ የላክሁልሽ፣ በስልክ የነገርሁሽ ወሬ ስላሳፈረኝ ነው። አዲና ሳታገባ አረገዘች ብዬ አልቅሼ አስለቅሼሻለሁ። ተሳስቻለሁ፤ ልጃችን አላረገዘችም።

እንደምታውቂው በእናታችን ደንብ፣ በቤቴ ሴት በወር አበባዋ ሰሞን የምትጠጣው ለብቻው በተቀመጠ ኩባያ ነው። የአዲና ሰማያዊ ነው። እሷ «የድሮ ሰው ነገር» እያለች ብትሳለቅበትም ትጠጣበት ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ሰባት ወር ሙሉ ከመደርደሪያው ሳይወርድ አቧራ ለበሰ። እኔ ሌላ ምን ላስብ? ስጠይቃት ትቆጣለች፤ ገንፎ ሳቀርብላት ለሩጫ ውድድሩ እከብዳለሁ ብላ ትገፋዋለች። በመጨረሻ አሠልጣኟ ሊሞር ሐኪም ዘንድ ስትወስዳት ተከትዬ ገባሁ።

ለካ ልጅቱም ፈርታ ኖሯል። መካን ሆኜ ይሆን ብላ በድብቅ የዚንክና የማግኒዝየም ክኒን እየገዛች ትውጥ ነበር። ሐኪሟ የደም ምርመራውን አይታ፣ ብዙ እየሮጠች ጥቂት ስለምትበላ ሆርሞኗ ወርዷል፣ በደሟ ያለው ብረትም አንሷል አለች። ብረቱን በክኒን እንተካዋለን፤ ሆርሞኑን የሚመልሰው ግን ምግብና ዕረፍት ነው፣ እንዲህ ከቀጠለች አጥንቷም ይጎዳል አለችን። አዲና ወደ እኔ ዞረችና፦

«እማ፣ ቤሴዴር፣ እሺ፣ እበላለሁ» አለችኝ።

ገንፎውን ቀድሜ ያዘዝሁት እኔ መሆኔን ለሐኪሟ ነገርኋት፤ ሳቀች።

የጥር ወሩ ውድድር ቀረ። ሊሞር ልምምዱን በግማሽ ቀነሰችላት፤ እኔም ሦስት ወር ሳልታክት አበላኋት። ፊቷ ሞላ፣ ሳቋ ተመለሰ፣ ሩጫዋም አልሰነፈም። መጪውን ውድድር እንደምታሸንፍ አልጠራጠርም።

ባለፈው እሑድ ከባርኔአ ሰፈር ሮጣ መጣች። ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ሰማያዊውን ኩባያ አወረደች፤ አጥባ ውሃ ቀዳችበት። ጠጥታ ስትጨርስ ደረቷ ላይ አስጠግታው አለቀሰች። እኔ እልል አልሁ፤ ጎረቤቱ ሰርግ መስሎት ወጣ።

ባለቤቴ ካሳውና አዲና ሰላም ብለውሻል። ጋሼ ክንዴን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጅሽ ዕንቁንም እንደ አዲና እህል እንዳትተው ምከሪልኝ። አንቺም እታለም፣ ያን ቀን አብረን ያለቀስነውን ያህል ዛሬ ደጅሽ ላይ ቆመሽ እልል በይልኝ።

እኅትሽ ማንጠግቦሽ
አሽቀሎን፣ የካቲት 9 ቀን 2015