ሰፈፍ የተቀባችው ፊያት

አሰላ፣ የካቲት 16 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ አቦምሳ ላለችው እታለም፣

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ከወሊድ ድካምሽ ተነሥተሻል ወይ? አራስ ቤት ያላችሁት ሁለታችሁም ደኅና ናችሁ? ባልሽ ከዲሮስ እንዴት ነው? የቆላው ሙቀት አልጠናባችሁም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ፤ ትምህርት ቤትም እመላለሳለሁ። ስለቀረው ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽን እህል ነጋዴው ሀሰኖ መጋዘኑ ጠርቶ በእጄ ሰጠኝ። «መኪናውን ይዘህ ድረስልኝ ብዬ ባልልክበት ኖሮ ወንድሜ አይሞትም ነበር፤ የገደልኩት እኔ ነኝ» ብለሻል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እታለም፣ እንደሱ አይደለም። እንደሱ አለመሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ መናገር ያለብኝም እኔ ነኝ።

የወንድማችንን የሣህሌን ፊያት አንቺ ያየሻት ሁለት ጊዜ፣ እሱንም አቧራ ለብሳ ነው። እዚህ በሰርግ ሰሞን ሙሽራ ሲያመላልስባት ግን መስታወት ነበረች። ጎረቤታችን እትዬ የሺሃረግ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላቸውን የሚያስተካክሉት በእሷ በር ላይ ነበር። በቆርቆሮ የሚሸጠው የመኪና ሰም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሣህሌ አይጠብቅም፤ ቤት ውስጥ የሚሠራው ነበረው። እማዬ ጠጅ ስትጥል ከላይ የምትገፈውን ሰፈፍ ለጧፍ ሠሪው ከመስጠቷ በፊት ድርሻውን ይወስዳል። በፈላ ውሃ አቅልጦ በሻሽ ሁለት ጊዜ ያጠልለዋል። ከዚያ ከእሳት ርቆ፣ ቀለም ቀቢዎች ቀለም የሚያቀጥኑበትን አኳራጅ ጠብ እያደረገ እንደ ለጋ ቅቤ እስኪለሰልስ ያሸዋል። መኪናዋን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ብቻ ስስ አድርጎ በክብ በክብ ይቀባል። ጉም የለበሰ ሲመስል በፍላኔላ ይወለውለዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን መዳፍ። እኔ ልሞክር ስለው «መጀመሪያ ጢም አብቅል» እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ ስለዚህ የተማርኩት በዓይኔ ብቻ ነው።

የቃና ዘገሊላ ዕለት ሣህሌ ታቦት ሊሸኝ ወጣ። በማግስቱ እሑድ በመኪናዋ ለሰው ሙሽራ ሊያመጣ ቃል ገብቶ ነበርና፣ ሲመለስ ላስደንቀው ብዬ እቤት ቀረሁ። ሰፈፉን ሳላጠልል ከነቆሻሻው አቀለጥኩት። አኳራጅ ስላላገኘሁ በኑግ ዘይት አለዘብኩት። ፀሐይ ላይ እንደቆመች ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ለቀለቅኋት። መስታወት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ማብራት አለበት ብዬ የፊቱን መስታወት ሁለት ጊዜ ደረብኩበት። ያ የአሰላ ነፋስ ሲነሣ ሁሉም እንደ ጭቃ ደረቀ።

ሣህሌ ሀሰኖን አስከትሎ እየሮጠ ገባ። ምጥ ከያዘሽ ሁለት ቀን እንዳለፈ፣ አዋላጇም ተስፋ እንደቆረጠች የላክሽበትን ወረቀት በእጁ ይዟል። መኪናዋን አየና ቆመ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ኖሮ ብዬ ስንቴ ተመኘሁ መሰለሽ። «ይቺ መኪና ናት ወይስ ጧፍ?» ብሎ ወዲያው ላምባ በጨርቅ ነክሮ መስታወቱን ያሸው ጀመር። ባሸው ቁጥር እንደ ወተት ነጣ። ወደ ቆላ የሚወርደው የእህል ካሚዮን ጥሩምባውን ሲነፋ ሀሰኖ «ይሄ ካመለጠህ እስከ ነገ ሌላ የለም» አለው። ሣህሌ ጨርቁን ሰጠኝና «በዚህ እሄዳለሁ፤ ስመለስ አብረን እናነሣዋለን። አንተ ብቻ ውሃ አፍላ» አለኝ።

ውሃውን አፈላሁ።

ካሚዮኑ ከአርቦዬ አለፍ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

አሁን አርባው ረቡዕ ይወጣል። አባባ መኪናዋ ለቅሶው ላይ ትውጣ አሉ። ለወንድ ፈረሱ ከነኮርቻው ተስቦ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። አጎታችን በዛብህ «አርሲ ውስጥ ፈረስ ጠፍቶ ነው በቆርቆሮ የሚለቀሰው? አንዱን እንዋስ እንጂ» ቢሏቸው፣ «የሰው ፈረስ ልጄን አያውቀውም» ብለው ዘጉት። የደረቀባትን ሰፈፍ አንሥቼ እንደ ሣህሌ አድርጌ እንድቀባት ታዘዝኩ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀመርኩ። በሮቹ በሙቅ ውሃና በሳሙና ለቀቁ። የፊቱ መስታወት ላይ ስደርስ ግን የሣህሌ ጨርቅ የሄደበት መስመር አለ፤ እጄ እምቢ አለኝ። አባባ ከቤት ወጥተው አዩኝ። ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና ጨርቁን ተቀበሉኝ። መስታወት ላይ ይህን ማን አደረገው ሲሉኝ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ሰፈፉን፣ ወረቀትሽን፣ ወዴት ይሄድ እንደነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሣህሌ ለንግድ ወርዶ ነው ብለው ነበር የሚያምኑት። ከዲሮን ካገባሽ ወዲህ ስምሽ በዚህ ቤት ሳይጠራ ሦስት ዓመት ሆነው። ይመቱኛል ብዬ ቆምኩ።

ጨርቁን ነክረው ጨመቁት። ከዚያ «ካሚዮኑን የነዳኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። «አይደለሁም» አልኩ። «እንግዲያው ሙቅ ውሃ ጨምር» አሉኝ።

እታለም፣ አንቺም አልነዳሽውም። እኔ ለራሴ ገና አላመንኩትም፤ ለአንቺ ግን አምኛለሁ።

መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ወደኔ ሳይዞሩ «ተገላገለች?» አሉ። አዎን አልኩ። «ወንድ ነው ሴት?» አሉ። አልጻፈችልኝም ብላቸው «ይህን እንኳ ሳትጠይቅ ነው የምትጻጻፈው? ምን ያስተምሩሃል እዚያ?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ እየመሸብን አንዷን መዳፍ እሳቸው፣ አንዷን እኔ፣ ሰሙን ቀባን። ሣህሌን እያየሁ የተማርኩትን ለእሳቸው ሳሳያቸው እንደ ተማሪ ይሰሙኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የሣህሌን ጓደኛ ሹፌሩን መርሻን አስጠርተው፣ መኪናዋ ማክሰኞ ሳይነጋ ወጥታ እስከ ማታ ትመለስ አሉት። በዚያ አቧራ ከሄደች የቀባነው ሁሉ ከንቱ ነው ብላቸው፣ ረቡዕ ሰው ሳይሰበሰብ ደግመህ ትቀባታለህ አሉኝ። ለመርሻ መንገዱን የነገሩት ለብቻው ነው፤ እኔም አልጠየቅኩም። እማዬ ግን ከሰማች ጀምሮ ሳጥኗን ከፍታ አንቀልባ ስትፈልግ ዋለች። አንቺ ማክሰኞ ጠዋት ከቤት አትራቂ።

እመቤታችን በአራስነትሽ ትጠብቅሽ፤ ጡትሽን ወተት ትሙላልሽ። ከዲሮንም እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ይህን ስጽፍ አባባ ውጭ ናቸው። የመኪናዋን የኋላ በር ከፍተው ገብተው ተቀምጠዋል፤ በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ እጃቸውን ቀስ አድርገው እያስኬዱ ነው። አሁን ጠሩኝና «እዚህ ጋ ነፋስ ያስገባል፤ እስከ ማክሰኞ ጨርቅ ወትፍበት» አሉኝ።

ታናሽ ወንድምሽ