ዓመት ሳይሞላ የወለቀ ከል

የገላኔ አባት፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ አንተ ካለህበት የሚደክም የለም። የደከምሁት እኔ ነኝ። ከተለያየን ስምንት ወር አለፈ።

ቤቱ እንደነበረ ነው ማለት አልችልም። የጓሮው አጥር በክረምቱ ወድቆ ገላኔ ከጊምቢ መጥታ አሳጠረችው። ሠራተኛው አጣሞ ስለሠራው ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። ባለሱቁ ጎረቤታችን አሁንም የሬዲዮህን ድንጋይ ይልክልኛል። ሬዲዮውን ከፍቼ አላውቅም፤ መመለሱ ስለሚያሳፍረኝ ግን ተቀብዬ አስቀምጣለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ከሉን ስላወለቅሁ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ ሆስፒታል እየሄድህ በሽተኛ ትጠይቅ ነበር። ያ ቦታ ባዶ እንዲቀር ስላልፈለግሁ እኔ ቀጠልሁ። ዳገቱ ይገድለኛል። አንተ በር ላይ ቆመህ በኦሮምኛ «አከም ቡልታን» ብለህ እንዴት እንዳደሩ ስትጠይቅ ክፍሉ ሁሉ ይስቅልህ ነበር፤ እኔ ስገባ ግን በሽተኛው ሁሉ ዝም ይላል። ይህ ኮስታራ ፊቴ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ባለፈው ዓርብ፣ እንደ እናቷ «ሃርሜ» የምትለኝ ነርስ ልወጣ ስል ያዘችኝ። «ሃርሜ፣ ከኪራሙ የመጣች ሴት አለች፤ ከአማርኛ በቀር አትችልም፣ ጠያቂም የላትም። ነገ በጠዋት ብቅ ይበሉላት» አለችኝ።

ሐኪሞቹ ሳይገቡ ልድረስ ብዬ ማልጄ ሄድሁ። እንዳስተማርኸኝ ከመናገሬ በፊት አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥሁ። በማለዳ፣ ከል የለበሰች አሮጊት፣ ዝም ብላ። መርዶ እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ ለአንተ አይነገርህም። ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ ስታየኝ «ሰይድን ነው? ልጄን ነው?» ብላ ጮኸች። ልጇ ኪራሙ ቀርቷል፤ ስልክ አይሠራም፣ ወሬው ከጠፋባት ሰንብቷል። የግሉኮሱን መርፌ ነቅላ ልትነሳ ስትል የሌሎች በሽተኞች አስታማሚዎች ሮጠው ያዟት።

ልጅሽ ደህና ነው ልላት አልቻልሁም፤ የማላውቀውን አልናገርም። «ከሉ የእኔ ነው፤ የሞተው ባሌ ነው» አልኋት፣ ደጋግሜ። ሲገባት እንባዋን ጠርጋ እጄን ያዘችኝ። «አላህ ያጽናሽ፣ እትዬ። ደግ ሰው ነበር?» አለችኝ። ነበር አልኋት። ከዚያ ስለ አንተ ስትጠይቀኝ፣ እኔም ስመልስላት ረፈደ።

ቤት ገብቼ ከሉን አወለቅሁ። እህትህ ሰምታ መጣች፤ «ወንድሜን በስምንት ወር ጨረስሽው?» ብላኝ ሳትቀመጥ ወጣች። አንድ ቀን ሳላጎድል ዓመቱን ልሞላ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ታውቀኛለህ፣ የጀመርሁትን ሳልጨርስ አልተውም። ይህን ግን ተውሁት።

ማክሰኞ ነጭ ነጠላ ለብሼ ሄድሁ። ሴትዮዋ ፊቴን ሳታይ ልብሴን አየች፤ ከዚያ ተነፈሰች። ሌሎቹም ከየአልጋቸው ሰላምታዬን መለሱልኝ። ለካ ፊቴ አልነበረም። የሰይድ ወሬ ግን አሁንም የለም፤ ቁጭ ብለን አብረን ጠበቅን።

ከሉን ለማንም አልሰጠሁም። አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከነጩ ነጠላ በላይ አስቀምጬዋለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ስወጣ መጀመሪያ እሱን በእጄ ካላነሳሁ ነጩን አላገኘውም። እንዲህ ያደረግሁት አስቤበት ነው። ዳገቱን መውጣት እስኪያቅተኝ ድረስ እንዲሁ ይሆናል።

ባለቤትህ