የሲስተር ታደለች «ፑሺ»

ሥርጉትዬ፣
ቢቸና ስገባ ለቅሶ ላይ ደረስኩ። ከወላይታ ተመድባ የመጣችው አዋላጅ፣ ሲስተር ታደለች፣ ተባራሪ ጥይት ገድሏት ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ሁሉ በእንግሊዝኛው «ፑሺ፣ ፑሺ»፣ ግፊ ማለቷ ነው፣ ትል ነበር አሉ፤ ራሳቸው ቃሉን «ቡሽ» የሚሉት ያገሩ ሴቶች በአነጋገሯ ይስቁ ነበር።

እኛ ሰፈር ድንኳን ውስጥ ካርታ እንጫወታለን፤ እዚህ አልቃሿ የሟቿን አነጋገር እያመጣች ታስለቅሳለች። መንገድ ተዘግቶባቸው ወላይታ የቀሩት የሲስተር እናት ለቅሶውን በእኔ ስልክ ይሰሙ ነበር። አልቃሿ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ፑሺ» ስትል ሲስተር ያዋለደቻቸው ሴቶች ሁሉ ደረታቸውን ደቁ። እናትየው ግን በስልኩ፣ «ይቺማ ልጄ ናት፤ እስኪ ስልኩን ስጧትና ላናግራት» አሉ።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ሞላ። እትዬን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ያቺ አልቃሿ እንጂ ልጃቸው እንዳልሆነች ለእናትየው እስካሁን አልነገርኳቸውም።
ንጋት