ከወንዝ ማዶ የተዋስነው ሰው

ማክሰኞ፣ ማርች 4
በረዶ ስጠርግ ዋልኩ። የመኪናዬ ባትሪ እንደገና ሞተ። እማዬ ድንች በሥጋ ጋግራ ላከችልኝ።
ከግዛታችን ጦር፣ ከብሔራዊ ዘቡ ተደወለ። ግዛታችን ዓምና ጦር ሜዳ ለዘመትነው ሪባን፣ ደረት ላይ የሚደረግ የክብር ምልክት፣ ሊሰጥ ነው፤ እኔም አለሁበት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ትዝ ያለኝ ግን ሹፌራችን ዱዌን ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 6
አዛዣችንን ኮሎኔሉን ጠየቅኩ።
"ዱዌንስ፣ ጌታዬ?"
"እሱ የኛ አይደለም። ሹፌር ጎድሎን ከወንዝ ማዶ ግዛት የተዋስነው ነው። ሪባኑ ለራሳችን ልጆች ብቻ ነው።"
"የሱ ግዛትስ?"
"እንዲህ ያለ ሪባን የላቸውም።"
አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ፈንጂ። እኔን ከእሳት ጎትቶ ሲያወጣ ግራ እጁን ያጣው እሱ! ሪባኑ ለኔ? ማንን ልቆጣ?

ቅዳሜ፣ ማርች 8
ዱዌን ደወለ። አላነሳሁም። ምን ልበለው?

ሰኞ፣ ማርች 10
እንደገና ደወለ። እማዬ ዩኒፎርሜን ልትተኩስ መጥታ ነበር... ስልኩን አንስታ ሁሉንም ዘረገፈችለት!
"ልጁ እንዴት ደስ እንዳለው!" ትለኛለች። ከልቡ ይሆን?
በእሷ መኪና ድልድዩን ተሻግሬ ሄድኩ። ገና በር ላይ፦
"ስልክሽ አይሠራም እንዴ፣ ሃልቮርሰን?"
"ሪባኑን አልፈልገውም። አንተ ውሰደው።"
"የናንተን ሪባን? ሞቼ ነው ቆሜ! የኳስ ቡድናችሁን ኮፍያ እንኳ ያላደረግሁ ሰው!"
ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።
"ምጽዋት ስጪኝ አልኩሽ? አንቺም ካላደረግሽው፣ እዚያ መንገድ ላይ እንደነበርን ማን ያውቃል?"
ተናደደ? አዘነ? እኔ እንጃ። እያለቀስኩ ነዳሁ።

እሑድ፣ ማርች 16
ዛሬ ነበር ሥነ ሥርዓቱ። ዱዌን ቤተሰቦች መሃል ተቀምጦ የእማዬን ድንች ይበላል። ማን ጠራው? እማዬ ናታ!
ስሜ ሲጠራ ከወንበሬ አልተነሳሁም።
"ተነሺ እንጂ!" ብሎ ዱዌን ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።
ኮሎኔሉ ሪባኑን ይዞ ሲጠጋ "ጌታዬ፣ ዱዌን ያድርግልኝ" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ኮሎኔሉ ዱዌንን በእጁ ጠርቶ ሪባኑን አቀበለው።
ሪባኑ ከኋላው ሁለት መርፌ አለው፤ በአንድ እጅ አይሆንም። እሱ ከውጭ ገፋ፣ እኔ እጄን በኮቴ ሥር አስገብቼ ማሰሪያዎቹን ቆለፍኩ።
"ዝቅ ይበል" አለኝ በሹክሹክታ። "የግዛት ሪባን ከአገሪቱ ሪባኖች በታች ነው። ይቺንም አታውቁ እናንተ?"
"ዝም ብለህ ግፋ!"
አሁንም ግራ ገብቶኛል። የኔ ነው? የሱ ነው? ዩኒፎርሙን ሰቀልኩት። ሪባኑ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል... አላቀናውም።
ቅዳሜ ዱዌን የመኪናዬን ባትሪ ሊያይልኝ ይመጣል። የደወልኩለት እኔ ነኝ።