የሎህሽ ቀዳዳ

ለውድ እህቴ ለሱረያ፣
ሪያድ

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? አሠሪዎችሽ ዐርብ ዐርብ እንኳ ያሳርፉሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም። በስልክ እንዳላወጋሽ ገና ድምፄን ስትሰሚ እንባሽ ይቀድማል፤ ስለዚህ ሀሚዱ ከእረፍቱ ወደ ሪያድ ሲመለስ ይህን ወረቀት ከበሶው ጋር ላክሁልሽ።

ልጅሽ ሰሚሃ ቁርአን ቤት ልትገባ ስትል እናቴ ቁርአን የተማረችበትን የእንጨት ሎህ ካልያዝኩ አልሄድም ብላ አመፀች። አራት ዓመት ሙሉ እናቷን በስልክ ብቻ ያየች ልጅ ምን ታድርግ? ከግድግዳው አወረድኩላት። ያን የተቦጨቀ ማንጠልጠያ ቀዳዳ ሳይ ግን የጥንቱ ቀን መጣብኝ።

ታስታውሻለሽ አይደል? አባባ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሎህሽን ከዋንዛ ጠርበው፣ አለስልሰው፣ ቀዳዳዋን ብቻ እንድበሳ ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ኳስ ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። መሰርሰሪያውን ባንድ ትንፋሽ ገፋሁት፤ በወዲያ በኩል ሲወጣ የእንጨቱን ፊት ቦጭቆት ወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ይህን ነው። አንቺ አለቀስሽ፤ አባባ ግን አልተቆጡም። ከሥሩ ቁራጭ ጣውላ ደግፍ፣ ጫፉ ብቅ ሲል ቁም፣ ገልብጠህ ከወዲያ ጨርስ አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ። አንቺም በዚያው ሎህ ቁርአን ቀራሽ። የተጻፈበትን ቀለም ሐይቁ ዳር አጥበሽ ፀሐይ ላይ ስታሰጪው ስንጣሪው ጣትሽን ሲወጋሽ፣ ዞር ብለሽ የምታዪኝ አስተያየት እስካሁን ያሳፍረኛል።

አባባ ካስቀመጡት ዋንዛ አንዲት ቁራጭ ተርፋ ነበር፤ ሌላ የለንም። ስንጣሪው የልጅሽንም ጣት እንዳይወጋት ብዬ ከእሷ ለሰሚሃ አዲስ ሎህ ጠረብኩ። ይህን ሁሉ ዓመት በርና አልጋ የሠራሁ ሰው ቀዳዳው ላይ ስደርስ መሰርሰሪያውን ሁለቴ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት ብልሽ ታምኛለሽ? መሃሉን በሚስማር ወግቼ ምልክት አደረግሁ፤ ቁራጭ ጣውላ ከሥሩ ደግፌ ሁለቱን በሞርሳ መንጋጋ አጠበቅኋቸው። ቀስ እያልኩ በሳሁ። ጫፉ ብቅ ሲል ቆምኩ፤ ገልብጬ ከወዲያ ጨረስኩት። በሁለቱም ፊት አንዲት ስንጣሪ የለም። ወላሂ፣ አባባ አጠገቤ የቆሙ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ሰሚሃ ጣቷን አስገብታ አዟዟረችና ይሄስ አይወጋም አለች። አዲሱን ይዛ ሄደች፤ የአንቺን ግን መልሼ እንድሰቅለው አዘዘችኝ፤ እናቴ ራሷ መጥታ ታውርደው አለች። አሁን ከቁርአን ቤት ስትመለስ የራሷን ከአንቺው ሎህ ጎን፣ እዚያው ሚስማር ላይ ትሰቅልና ዛሬም አልመጣችም ወይ ትለኛለች። ሱረያ፣ ኮንትራትሽ ሲያልቅ አታድሺው። ያለንን ተካፍለን እንኖራለን፣ ኢንሻአላህ።

እናታችን ኡሙሰልማ ዱዓቸው ካንቺ አይለይም። ባለቤቴ ኢቲሳም በጣም ናፍቃሻለች። ጎረቤታችን አስረስም ሰላም ብሎሻል ብለህ ጻፍ አለኝ። ሰሚሃን ግን እናትሽን ምን ልበልልሽ ብላት፣ ሰላምታ የሚላከው ለማትመጣ ሰው ነው፣ እናቴ ግን ትመጣለች ብላ አልላከችም።

ወንድምሽ ኑርዬ
ሐይቅ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.