በስምህ የያዝኩት ጽዋ

ይድረስ ስቶክሆልም ላለው ወንድምዓለሜ ለምስጋናው ስማቸው፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ባለቤትህ ቃልኪዳን፣ ልጅህ ኢዮስያስ እንደምን ናቸው? እዚያ ብርዱ ገብቷል ሲሉ ሰማሁ፤ የደረትህ ነገር እንዴት ሆነ? እኛ ከአባባ ጉልበት በቀር ደኅና ነን፤ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን። የጠዳ ጤፍም ዘንድሮ ሸጋ ነው። ወረቀት ያነሳሁት ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ስንነጋገር ገና ከመጀመሬ ታስቀኝና የደወልኩበትን ታስረሳኛለህ። እዚህ ላይ ግን ዝም ብለህ ትሰማኛለህ።

ነገሬ ኢንተርኔት ላይ ስለምታወጣው መጽሔትህ ነው። ከጎንደር ከሥራ ስመለስ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አባባ «ልጄ ዛሬ ምን ጻፈ?» ይለኛል። ስልኬን አውጥቼ «የአባት ደንብ»ን እከፍትለታለሁ። ፖለቲካው ላይ ችኩል ለውጥ አገር ያፈርሳል ትላለህ፤ ባህሉ ላይ ነባሩ ሥርዓት ይጠበቅ ትላለህ። ሳነብለት ድምፁ የኔ ነው፤ የሚሰማው ግን አንተን ነው። ሲያልቅ «አቤት የልጄ አነጋገር!» ብሎ ጋቢውን ያስተካክላል። ያን ጋቢ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቅናት ነው እንዳትለኝ። ወይም በለኝ፤ አዎ፣ ቅናት ነው! አንተ ስለ ሥርዓቱ ትጽፋለህ፣ እኔ ለሥርዓቱ ጌሾ እወቅጣለሁ፤ ምርቃቱ ግን ስዊድን ይሄዳል።

ነሐሴ ላይ ስለ ጽዋ ማኅበር ያወጣኸውን ታስታውሳለህ። «የአባት ወንበር የበኩር ወንድ ልጅ ነው፤ ደንቡ ይህ ነው» ብለሃል። አብሮት የወጣው ፎቶ እኔ የላክሁልህ ነበር፤ አባባ ተረኛ በሆነ ጊዜ ድፎ ዳቦውን ይዤ የተነሳሁት። አንተ ፊቴን ቆርጠህ ዳቦውንና እጆቼን ብቻ አስቀረህ፤ ከሥሩም «የአባቶቻችን ማዕድ» ብለህ ጻፍክበት። አባባ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ይህ እጅ የማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ተቀብዬው ጌሾዬን ልወቅጥ ገባሁ።

አባባ ጉልበቱ ሲደክም በሚካኤል ማኅበር ያለውን ቦታ ለኔ ሊያወርስ ተስማምተን እንደነበር አልነገርኩህም። «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» ያለው እሱ ራሱ ነው። ይህ ቦታ ላንተ ጽሑፍ ነው፤ ለኔ ግን ሌላ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ስጋግር፣ ስጠምቅ፣ ጎንበስ ብዬ ሳስተናግድ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ከጓዳ ወጥቼ፣ ተቀምጬ፣ ስሜ ተጠርቶ ጽዋውን ልቀምስ ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

የጥቅምት ሚካኤል ማኅበሩ የወጣው በአያ ዳኛው ቤት ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው፣ እሳቸው ናቸው፤ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ማለትም ለኛ ሊያስረክቡ ተነሱ። አባባ ቦታውን ለኔ እንደሚተው ሲናገር አያ ዳኛው ምነው ስማቸው፣ ልጅህ የጻፈውን ረሳኸው ወይ፣ ቦታው የምስጋናው ነው አሉ። ጽሑፍህን ከየት ሰሙት ብትል፣ በገዛ አፌ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ አባባ አንብቢላቸው ብሎኝ። አባባ ደስታው ፊቱ ላይ እያስታወቀበት ጋቢውን አስተካከለ። እትዬ የትነበርሽ በሟች ባላቸው ቦታ ተቀምጠው ሲጠጡ መኖራቸውን ማንም አላነሳም። እሳቸውም አላነሱ።

ከዚያ ተደወለልህ። ስልኬን በትራስ ደግፈው የአባባ መቀመጫ ላይ አኖሩት። አንተ ብቅ ብለህ «እንደምን ዋላችሁ አባቶቼ» ስትል ሁሉም ብድግ አሉ። ለስልክ ብድግ አሉ! አያ ዳኛው ጽዋውን ወደ ስልኩ ሲዘረጉ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን አንተ አላየህም። ጽዋ መሬት አይቀመጥም። እንደዘረጉ ቢጠብቁህ ቢጠብቁህ አልመጣህም፤ እጃቸው ዛለ። ጠላው ሊፈስ ሲል ከጓዳ ሮጬ ወጥቼ በሁለት እጄ ተቀበልኩት። የማኅበሩ ቄስም ባረኩ። አያ ዳኛው ግን «ለወንድሟ ይዛለት ነው» አሉና በስምህ እልል ተባለ። እኔም አብሬ እልል አልኩ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ጽዋው በእማማ ነጠላ ተጠቅልሎ እኔ ክፍል ነው። ለኅዳር ሚካኤል ብቅሉ ደርሷል፤ ድግሱን አላጎድልም፣ የመልአኩ ነውና። በስምህ ግን አልይዝም። ከቻልክ መጥተህ ከእጄ ተቀበል። ካልቻልክ፣ አያ ዳኛው ከኔ አፍ ይልቅ ያንተን መጽሔት ስለሚያምኑ፣ እዚያው ላይ አውጣልኝ። ረጅም ጽሑፍ አልጠይቅህም። ያንኑ ፎቶ ሙሉውን አውጣና ከሥሩ «ጽዋውን የተቀበለችው እህቴ ማስተዋል ናት» በል። ለአባባም ለማኅበርተኛውም እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

አባባ ከነጋቢው ይስምሃል፤ ለማን እንደምጽፍ ያውቃል፣ ምን እንደምጽፍ ግን አልጠየቀኝም። እትዬ የትነበርሽ ለቃልኪዳን በርበሬ አስፈጭተውላታል፤ ሰው ሲገኝ እልካለሁ። ኢዮስያስን ግንባሩን ሳሚልኝ በላት። አንተንም እወድሃለሁ፤ ባልወድህ ኖሮ እንዲህ አያቃጥለኝም ነበር።

ፊቴን ረስተኸው እንደሆነ ብዬ ፎቶውን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

እህትህ ማስተዋል ስማቸው
ጠዳ፣ ጎንደር
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.